ጥብቅና በትምህርት ቤት

«ጥብቅና» የሚለው ቃል ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ በሐሳባችን የሚመጣው ችሎት፣ ዳኛና ካባ የደረበ ጠበቃ ነው። ተማሪዎች ሆይ፣ እኔ ልነግራችሁ የምሻው ግን ካባም ችሎትም ስለሌለው ጥብቅና ነው፤ ይኸውም አካል ጉዳተኛ የሆነ ተማሪ እንደ ጓደኞቹ ይማር ዘንድ መምህሩና ወላጆቹ ስለ እርሱ የሚያቀርቡት ክርክር ነው። በአገራችን «ዝም አይነቅዝም» ይባላል። እንዲሁም በዚያው አገር «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይባላል። በዚህ ጉዳይ እኔ ከሁለተኛው ጋር ነኝ፤ በመምህርነት ባሳለፍኋቸው ዓመታት በዝምታ የነቀዘ የትምህርት ዕድል አይቻለሁና።

ለመሆኑ ዓይነ ስውሩን ልጅ ከትምህርት የሚያግደው ምንድን ነው? ዓይኑ ነው ብላችሁ እንዳትመልሱ የቀድሞውን የቤተ ክህነት ትምህርት ተመልከቱ። ዜማውም ቅኔውም በአብዛኛው በቃል የሚጠና ስለ ሆነ፣ ዓይናቸው የማያይ ተማሪዎች ከሚያዩት እኩል ተምረው መሪጌታ እስከ መሆን ደርሰዋል። ትምህርቱ ሁሉ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በተጻፈ ጊዜ ግን ያው ልጅ ከበር ውጭ ቀረ። ልጁ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የማስተማሪያው መንገድ ነው። ይህን በር መልሶ የሚከፍተው፣ በሕፃንነቱ ዓይኑን ያጣው ፈረንሳዊ ሉዊ ብሬል እ.ኤ.አ. በ1829 ያሳተመው በጣት የሚነበብ ጽሕፈት ነው። ስድስት ነጥቦች በሁለት ዓምድ ይደረደራሉ፤ የእኛም ፊደል በዚሁ ዘዴ ይጻፋል።

ይሁን እንጂ ልጁን እጁን ይዞ እስከ በሩ የሚያደርሰው ሰው ያስፈልጋል። ወይዘሮ የትነበርሽ ንጉሤ በ1974 ዓ.ም. በወሎ፣ በሳይንት ተወለዱ፤ በአምስት ዓመታቸውም የዓይናቸውን ብርሃን አጡ። እናታቸውና አያታቸው ግን ከቤት አላስቀሯቸውም፤ በሻሸመኔ ወደሚገኘው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ላኳቸው። እርሳቸውም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተምረው ስለ አካል ጉዳተኞች መብት በመሟገት ታወቁ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ዓይነ ስውርነታቸው በአካባቢው የተለመደውን የልጅነት ጋብቻ እንዳስቀረላቸው ራሳቸው በአደባባይ ተናግረዋል። ፊደል የቈጠሩት ጠበቃ ከመነሣታቸው በፊት ሁለት ሴቶች በየቤታቸው ጥብቅና ቆመው ነበር ማለት ነው።

መምህሩስ ምን ያደርጋል? ከሁሉ አስቀድሞ የጎደለውን ነገር በስሙ መጥራት ይገባዋል። «ለዚህ ልጅ እዘኑለት» ማለት ጥብቅና አይደለም፤ አዛኝ ይበዛል፣ የሚለወጥ ነገር ግን የለም። «ይህች ተማሪ በግራ ጆሮዋ ብቻ ስለምትሰማ ከክፍሉ በስተቀኝ በኩል፣ ከፊተኛው ረድፍ ትቀመጥ፤ መምህሩም ፊቱን ወደ ሰሌዳው አዙሮ አይናገር» ማለት ግን ጥብቅና ነው። «ለዚህ ልጅ ፈተናውን የሚያነብለትና መልሱን የሚጽፍለት ሰው ይመደብለት፤ በቃል መጠየቅና መመለስ ጊዜ ስለሚወስድ ሰዓት ይጨመርለት» ማለትም እንዲሁ። አንድ ጊዜ በመምህራን ስብሰባ ላይ ስለ አንዲት ዓይነ ስውር ተማሪ ሲነገር፣ አንድ ባልደረባችን ከርኅራኄ የተነሣ «ከሒሳብ ትምህርት ነፃ ትሁን» አለ። ብዙዎች ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። አንዲት መምህርት ግን ተነሥታ «ልጅቱን ጠይቃችኋታልን?» አለች። ተጠየቀች፤ መማር እፈልጋለሁ ስትል መለሰች። ከዚያ በኋላ ያቺ መምህርት የሦስት ማዕዘኑንና የክቡን ቅርፅ በካርቶን ላይ በሲባጎ እያጣበቀች በጣቷ እንድትዳስሰው ታደርግ ነበር። ለዚህ የወጣው ወጪ የአንድ ጥቅል ሲባጎ ዋጋ ነው።

ጠያቂው ልመና እንዳይመስለው ሕጉን ማወቅ ይጠቅመዋል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞች ድጋፍ እንደሚያደርግ ይደነግጋል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት ደግሞ ማንም በአካል ጉዳቱ ምክንያት ከአጠቃላዩ የትምህርት ሥርዓት እንዳይገለል ያዛል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅም የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱ ሰዎች መግቢያ እንዲኖራቸው ደንግጓል።

እናንተም የክፍል ጓደኞች ናችሁና ድርሻ አላችሁ፤ ነገር ግን ሳትጠይቁ አትርዱ። የጓደኛን ወንበር ከኋላ ድንገት መግፋት እርዳታ መስሎ ይታያል እንጂ የሰውን እግር ያለ ፈቃዱ እንደ መጎተት ነው።

በዚህ መጽሐፍ የማመልከቻ አጻጻፍ ትማራላችሁ፤ ትምህርቱ ደረቅ የሚመስለው ሰው ካለ የሚከተለውን ያንብብ። ልጃቸው በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ አንዲት እናት ነበሩ። የዘጠነኛ ክፍል መማሪያው ፎቅ ላይ ስለ ሆነ፣ ጠዋት ጠዋት ሁለት ጓደኞቹ ተሸክመው ያወጡት፣ ማታ ያወርዱት ነበር። እናቱ መጻፍ አይችሉም፤ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው እኅቱ ቀኑን፣ የክፍሉን ቁጥርና የደረጃውን ብዛት ጠቅሳ አራት መስመር ማመልከቻ ጻፈችላቸው። እናትየው ማመልከቻውን ይዘው ከክፍሉ ኃላፊ መምህር ጋር ወደ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ገቡ።

«እናቴ፣ እኛስ ምን እናድርግ? ፎቁን አናፈርሰው» አሉ ርእሰ መምህሩ።

«ፎቁን አፍርሱልኝ አላልኩም ጌታዬ፤ የልጄን ክፍል አውርዱልኝ ነው ያልኩት።»

መምህሩም ምድር ቤት ካሉት ክፍሎች አንዱ ከእነርሱ ክፍል ጋር ሊቀያየር እንደሚችል፣ የመቀመጫውም ብዛት እኩል እንደ ሆነ አስቀድሞ ቆጥሮ ነበርና ወረቀቱን አቀረበ። በሚቀጥለው ሰኞ ዘጠነኛ ክፍል ምድር ቤት ወረደ።

የመጸዳጃ ቤቱ በር ግን ሁለት ደረጃ አለው፤ ልጁም ቀኑን ሙሉ ውኃ ሳይጠጣ ይውላል። ስለዚህ ሁለተኛ ማመልከቻ ተጻፈ፤ ግልባጩም ለወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ተላከ። ደረጃውን በሲሚንቶ ለማስተካከል የሚያስፈልገው ወጪም ተገምቶ ተያይዟል። መልሱ ገና አልመጣም፤ እኅቲቱ ሦስተኛውን መጻፍ ጀምራለች።