የ2008 ምርጦቻችን እና አንድ ባዶ መስመር

ሰሞኑን ከመካከላችን የአንዱ እናት ቁም ሣጥን ሲያጸዱ አንድ የቆየ የኬሚስትሪ ደብተር አገኙና «ይሄ የእናንተ ጉድ አይደለም እንዴ?» ብለው ሰጡን። ደብተሩ ከፊት ኬሚስትሪ ነው፣ ከኋላ ግን የእኛ ነው። አዳማ ውስጥ አብረን የተማርን አምስት ጓደኛሞች በየዓመቱ ጳጉሜን ላይ እንሰበሰብና «የዓመቱ ምርጦች» የሚል ዝርዝር እንጽፍ ነበር፦ ምርጥ ዘፈን፣ ምርጥ ድራማ፣ ምርጥ ጨዋታ፣ ምርጥ ጁስ ቤት ሳይቀር። ዳኛውም ሸላሚውም እኛው ነን። ተሸላሚዎቹ ግን መሸለማቸውን እስከ ዛሬ አያውቁም።

የመጨረሻው ዝርዝር የ2008 ዓ.ም. ነው። ያን ዓመት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበርን። እንግዲህ ደብተሩ ከተገኘ አይቀር ከነማብራሪያው እናቅርብላችሁ።

የዓመቱ ምርጥ ድራማ፦ «ጥቁር ፍቅር»

ካና ቴሌቪዥን የተከፈተው በዚያው ዓመት፣ በሁዳዴ ጾም ወራት ነው። ከዚያ በፊት ተከታታይ ድራማ ማለት በሳምንት አንዴ የሚመጣ እንግዳ ነበር። «ሰው ለሰው»ን ያየ ሰው አንዱን ክፍል አይቶ ቀጣዩን ሳምንት ሙሉ ሲገምት ይከርም ነበር። ካና ግን በየቀኑ! ያመለጠው ደግሞ ሲደገም ያየዋል። የቱርክ ሰዎች በአማርኛ ሲጣሉ፣ በአማርኛ ሲታረቁ ከረሙ።

የፊልምና የቴአትር ባለሙያዎች ከመጀመሪያው «እንጀራችንን ሊዘጋብን ነው» ብለው ተቃውመው ነበር። እኛ ቤት የነበረው ክርክር ግን ሌላ ነው። እናቶቻችን «ማትሪክ ያለበት ልጅ ቴሌቪዥን አያይም» ብለው ካወጁ በኋላ ራሳቸው ድምፁን ከፍ አድርገው ይቀመጣሉ። ፊዚክስን ያጠናነው የሰው ትዳር ሲፈርስ በግድግዳ በኩል እየሰማን ነው። ዛሬ ስናስበው ባለሙያዎቹ ያለ ምክንያት አልተቆጡም። ግን ለቱርኮቹ ድምፃቸውን ያዋሱት ወጣቶችም የዚሁ አገር ባለሙያዎች ነበሩ። ስማቸውን ባናውቅም ድምፃቸውን እንደ ዘመድ ድምፅ እንለየው ነበር።

የዓመቱ ምርጥ ጨዋታ፦ ሌስተር ያልተጫወተበት የሌስተር ጨዋታ

ሚያዝያ 24፣ የፋሲካ ማግስት፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት። ቼልሲ ከቶተንሃም። ሆዳችን በዶሮ ወጥ ተነፍቶ ሰፈር ያለው ዲኤስቲቪ ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረናል። ቶተንሃም ካላሸነፈ ሌስተር ሻምፒዮን ነው። ዓመቱ ሲጀመር አወራራጆች 5,000 ለ1 የገመቱለት ሌስተር! ቶተንሃም 2 ለ0 መራ። ከዚያ ቼልሲ አንድ አገባ። በ83ኛው ደቂቃ ደግሞ ኤደን ሃዛርድ አቻ አደረገ። አንድም የሌስተር ደጋፊ በሌለበት ቤት ሁሉም ሌስተር ሆነ። የማንቼውም የቼልሲውም ሰው ተቃቀፈ። አርሰናል ደጋፊው ጓደኛችን ብቻ «ዘንድሮ የኛ ነበር» እያለ ጥግ ይዞ ቀረ። (አርሰናል ሁለተኛ ወጣ። እሱ እስከ ዛሬ አልወጣለትም።)

የዓመቱ ምርጥ ድንጋጤ፦ የተሰረዘው ማትሪክ

ግንቦት 22 ጠዋት እርሳስ ቀርጸን፣ ምርቃት ተቀብለን ወጣን። የእንግሊዝኛው ፈተና አስቀድሞ በኢንተርኔት ወጥቶ ስለነበር ግን ፈተናው በመላ አገሪቱ ተሰረዘ። ባዶ እጃችንን ወደ ቤት ስንመለስ እናቶቻችን «እንዴት ነበር?» አሉን። ምን ይመለሳል? እንደገና የተፈተንነው ሐምሌ 4 ነው። ያን ሰሞን «ተማሪው እንዳይዘናጋ» ተብሎ ፌስቡክና መሰሎቹ ተዘጉ። መዝናናት ለፈለገ የቀረው ካና እና ሜሞሪ ካርድ ብቻ ነበር።

የዓመቱ ምርጥ ዘፈን፦ «ማላን ጅራ»

ሜሞሪ ካርዱ ውስጥ ደግሞ ሃጫሉ ሁንዴሳ ነበር። ሙዚቃ ቤት አስሞልተን፣ በዜንደር ተቀባብለን፣ በየባጃጁ ሰምተን አልጠገብነውም። በትምህርት ቤቱ የመዝጊያ ዝግጅት ላይ ዲጄውን ሦስት ጊዜ አስደግመን ጨፍረንበታል። ልብ በሉ፣ ከአምስታችን አራታችን አፍ የፈታነው በአማርኛ ነው። ኦሮምኛ በትምህርት ቤት ተምረናል፤ ፈተና ላይ ክፍት ቦታ ሞልተን እናልፋለን። ዘፈን ሲሆን ግን ዜማውን ይዘን ትርጉሙን እንጥላለን። አምስተኛው ጓደኛችን ኦሮምኛ የቤቱ ቋንቋ ነው። ያን ዕለት አብሮን አልጨፈረም። «አሞኛል» አለን። አመንነው።

የዓመቱ ምርጥ የስፖርት ቅጽበት፦ አልማዝ አያና

ነሐሴ 6፣ ፍልሰታ፣ ሰማዩ ጠቁሯል። ፍራንኮ አካባቢ አንድ ካፌ ውስጥ ሻይ ይዘን ሪዮን እናያለን። አልማዝ ከብዙ ዙር በፊት ተነጥላ ሄደች። 10,000 ሜትሩን በ29 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ ከ45 ጨረሰችው። ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማንም ያልነካውን የቻይናዊቷን የዋንግ ጁንሺያን ክብረ ወሰን ከ14 ሰከንድ በላይ አሻሻለችው። ጥሩነሽ ዲባባም ነሐስ አመጣች። ያልጮኸ አልነበረም። አምስተኛው ጓደኛችን ወንበር ላይ ወጥቶ ጮኸ።

(በነገራችን ላይ ያንን ክብረ ወሰን በግንቦት 2013 ያሻሻለችው ሲፋን ሐሰን የተወለደችው እዚሁ አዳማ ነው። የሮጠችው ግን ለኔዘርላንድስ ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ ለተሰንበት ግደይ መልሳ ወሰደችው።)

ከዚህ መስመር በታች ደብተሩ ላይ «2ኛ፦» ተብሎ ተጽፏል። ፊት ለፊቱ ባዶ ነው።

ይህን ጽሑፍ የምንጽፈውም ስለዚያ ባዶ ቦታ ነው። ነሐሴ 15፣ የፍልሰታ መጨረሻ ቀን፣ እዚያው ካፌ፣ እዚያው ወንበር። የወንዶች ማራቶን። ፈይሳ ሌሊሳ ከኬንያዊው ኤልዩድ ኪፕቾጌ ቀጥሎ ሁለተኛ ሆኖ ሲገባ እጆቹን ከራሱ በላይ አንሥቶ አጣመራቸው። ለጭብጨባ የተዘጋጀው እጃችን አየር ላይ ቀረ። አንዱ «ምን ማለቱ ነው?» አለ። ሌላው ቶሎ ብሎ «ደስ ብሎት ነው» አለ። አስተናጋጇ ትሪዋን ይዛ ቆመች። ከዚያ በኋላ የተናገረ የለም። ያ ዝምታ ሁሉም ሰው መልሱን እንደሚያውቅ ይናገር ነበር። ምሽት ላይ የመንግሥቱ ቴሌቪዥን ያቺን ምስል አልደገማትም።

ወደ ጓደኛችን ዞርን። «ወጣ ብለን እናውራ» አለ።

ዝናቡ እያካፋ በእግር ተመለስን። ምልክቱ ከኅዳር ጀምሮ በኦሮሚያ የተነሣው ተቃውሞ ምልክት እንደሆነ ነገረን። የአጎቱ ልጅ ከታኅሣሥ ጀምሮ እስር ቤት እንዳለም ነገረን። ከታኅሣሥ! በእነዚያ ወራት ሁሉ አብሮን አጥንቷል፣ በሌስተር አብሮን ተቃቅፏል፣ ፈተናው ሲሰረዝ አብሮን ተሳድቧል። አንድ ቀን «ቤት ደኅና ናቸው?» ብለን አልጠየቅነውም። ከዚያ «ማላን ጅራ» ምን እንደሚል በአማርኛ አስረዳን። ፍቅር ይመስላል እንጂ ስለ መለየትና ከቦታ ስለ መራቅ ነው። ለካ ሦስት ጊዜ ያስደገምነው ልቅሶ ነበር።

ጳጉሜን ላይ ዝርዝሩን ስንጽፍ ብዕሩን የያዘው እሱ ነበር፣ ጽሕፈቱ ስለሚያምር። አልማዝን ጻፈ። «2ኛ» ብሎ ጻፈና አየን። አንዳችን «ደብተሩን ሰው ቢያገኘውስ?» አልን። ማን እንዳለው ዛሬ ማንም አያስታውስም፣ ስለዚህ ሁላችንም ብለነዋል። ደብተሩን ዘጋው። ከዚያ ሁላችንም በየዩኒቨርሲቲያችን ተበተንን፤ ዝርዝሩም በዚያው ቀረ።

ፈይሳ ከሁለት ዓመት ስደት በኋላ በጥቅምት 2011 ወደ አገሩ ተመለሰ። ሃጫሉ ሰኔ 22 ቀን 2012 አዲስ አበባ ውስጥ በጥይት ተገደለ። ያን ሰሞን ከተማችን ስትታመስ አምስታችን እየተደዋወልን «ቤት ደኅና ናቸው?» ተባባልን። ጥያቄውን ተምረነው ነበር፤ ዘግይተንም ቢሆን።

ደብተሩ እጃችን እንደገባ ለጓደኛችን ደወልንለት። ዛሬ ሌላ ከተማ ነው የሚሠራው። «ባዶውን መስመር እንሙላው?» አልነው። ሳቀ።

«ሙሉት» አለን። «ግን አልማዝን ወደ ሁለተኛ እንዳታወርዷት። ወንበር ላይ የወጣሁት የእውነቴን ነው።»

እነሆ ሞላነው። የ2008 ዝርዝራችን አሁን ተጠናቋል። ምርጡን ጁስ ቤት የጠየቃችሁን እንደሆነ ተዘግቷል፣ አትድከሙ።

ቸር ያሰማን!