ጋቢ የሌለው ቤት

ደባርቅ ላይ ቤት ሠርቼ ስጨርስ ያየው ሁሉ አደነቀልኝ። ብሎኬት ነው፣ ቆርቆሮው አዲስ ነው፣ መስኮቱ ሰፊ ነው። እናቴ ግን ከዳባት መጥታ ሁለት ሌሊት እንዳደረች፣ «ልጄ፣ ቤትህስ ያምራል፤ ጋቢ ግን የለውም» አለችኝ። ሳቅን።

በታኅሣሥ ሳቁ ቀረ። አንድ ሌሊት ብርዱ ሲጠናባት ከሰል የያዘውን ማንደጃ መኝታ ክፍል አስገብታ በሩን ዘጋች። ሊነጋ ሲል ብጠራት አልመለሰችም። በሩን ከፍተን ተሸክመን አወጣናት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተረፈች። በከሰል የሚወጣው መርዘኛ ጋዝ ሽታ የለውም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይወስደዋል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥፋቱን ስፈልግ ከራሴ ጀመርኩ። ፕላኑን የወሰድኩት ባሕር ዳር ከሠራ ዘመዴ ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ደባርቅ 2,850 ሜትር ገደማ። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀት ወደ 6 ዲግሪ ይቀንሳል። የቆላ ቀረብ ቤት ሰሜን ተራሮች ግርጌ አምጥቼ ተከልኩ ማለት ነው።

ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ሰማዩ ጥርት ባለ ሌሊት ሙቀቱን ወደ ላይ ይሰጣል፤ ጠዋት የትንፋሻችን እንፋሎት ውኃ ሆኖ ፊታችን ላይ ይንጠባጠባል። ሰፊውን መስኮት መንገዱ እንዲታይ ብዬ ወደ ሰሜን አዞርኩት። በእኛ አገር በታኅሣሥ ፀሐይ የምትሄደው በደቡብ በኩል ነው።

የአባቴ ቤት ግድግዳው ወፍራም ድንጋይና ጭቃ፣ ክዳኑ ሣር ነው። ድንጋዩ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ይመልሳል፤ ሣሩ በውስጡ በያዘው አየር ብርዱን ይከላከላል። ወደዚያ እንመለስ እያልኩ አይደለም፤ ቤቱ ጨለማ ነው፣ ጭሱም ዓይን ያጠፋል። ግን የሠራው ሰው ብርዱን አስቦ ነው የሠራው።

ሕግ ጠፍቶ አይደለም። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ወጥቷል፤ የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006ም ስለ ኢነርጂ ቁጠባ ይናገራል። እኔ ስሠራ ግን የተነጋገርነው ስለ ብረቱ፣ ስለ ሽንት ቤቱና ስለ መብራት መስመሩ ነበር። «ይህ ቤት ሌሊት በምን ይሞቃል?» ብሎ የጠየቀኝ የለም፤ እኔም አልጠየቅሁም። የአውሮፓ ኅብረት በ2002 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ አዲስ ሕንፃ የኢነርጂ ምዘና ሰርተፊኬት እንዲኖረው ደንግጓል። ለእኛ ለመጀመሪያው አንድ ገጽ ይበቃል፦ ከፍታው ስንት ነው? መስኮቱ ወዴት ይዞራል? ከቆርቆሮው ሥር ምን አለ? ማሞቂያው ምንድን ነው?

«አሁንማ መብራት ሞልቷል» የሚለኝ አለ። እውነት ነው፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው የህዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ነገር ግን በተሰነጠቀ እንስራ ዓባይንም ብትቀዱበት ቤት ሳይደርስ ያልቃል።

እኔ በኋላ ኮርኒስ አስመታሁ፤ በደቡብ በኩል ግድግዳ አስፈርሼ መስኮት አወጣሁ። በወረቀት ላይ ሳለ መስኮቱን ማዞር የአንድ እርሳስ ሥራ ነበር። እናቴ ዘንድሮ መጥታ ዙሪያውን አየችና፣ «አሁን ነጠላ ለበሰ» አለች።

ዘንድሮ መሠረት የምታወጡ ወዳጆቼ፣ ፕላኑ ላይ ከመፈረማችሁ በፊት የታኅሣሥን ሌሊት ጠይቁ።