ፊሽካና በትር

የሰፈራችንን ልጆች ለክረምት ውድድር ያሠለጠንኩት አንድ ክረምት ብቻ ነው። እሱም በዝቷል። ፊሽካ ከአንገቴ አንጠልጥዬ፣ በመስመሩ ዳር ወዲያ ወዲህ እየተንጎራደድኩ፣ ጨዋታው እስኪያልቅ እጮህ ነበር። «ስጠው! ተመለስ! ልቀቃት!» በሩብ ፍጻሜው አሥራ አምስት ዓመት ያልሞላው ግራ ተከላካያችን ጩኸቴን ሰምቶ ወደኔ ዘወር ሲል ኳሷ በእግሩ ሥር ሾልካ አለፈች፤ ጎል ሆነች። ሰው ሁሉ እያየ ወረድኩበት። ልጁ አልመለሰልኝም። ማልያውን አውልቆ፣ በሥርዓት አጥፎ፣ ከቦርሳው አጠገብ አስቀምጦ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ሜዳ ላይ አላየሁትም።

ወራት አልፈው፣ ለአንድ ጽሑፍ ብዬ የኦርኬስትራ ልምምድ ላይ ተቀመጥኩ። መሃል ላይ አንዱ ትራምፔት ነፊ ቀድሞ ገባ። ስድቡን ጠበቅሁ። መሪው በትሩን ዝቅ አደረገ፤ አዳራሹ ጸጥ አለ። «እንድገመው፤ ምልክቱን አጥርቼ አልሰጠሁም» አለ። እውነቱን ይሁን ለሰውየው ብሎ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሲደገም ግን ትራምፔቱ በቦታው ገባ።

የቡድን አሠልጣኝና የሙዚቃ መሪ ይመሳሰላሉ ሲባል እንሰማለን። አንዱ ጎል አያገባም፣ ሌላው ድምፅ አያወጣም። ነገር ግን ማመሳሰሉ መንገድ ላይ ይቀራል። ለሙዚቀኛው የሚጫወተው ተጽፎ ፊቱ ተቀምጧል፤ ከማዶ ተሰልፎ ክላሪኔቱን ሊቀማው የሚሮጥ ሰው የለም። መሪውም እስከ መጨረሻዋ ድምፅ አብሮት ነው። አሠልጣኝ ግን ጨዋታው ሲጀመር ልጆቹን ለሜዳው ያስረክባል። እኔ ማስረከቡን ነበር እምቢ ያልኩት።

የመሪው በትርም ድሮ እንዲህ ዝምተኛ አልነበረም። በፈረንሳዩ ንጉሥ በሉዊ 14ኛ ዘመን መሪው ረጅም ዘንግ ይዞ ወለሉን እየደቃ ነበር ምት የሚያስጠብቀው (መቋሚያን ለሚያውቅ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንም)። በ1687 እ.ኤ.አ. ዣን ባፕቲስት ሉሊ፣ ንጉሡ ከሕመም ስለዳነ የተዘጋጀውን መዝሙር ሲመራ፣ ዘንጉን በገዛ እግሩ ጣት ላይ አሳረፈው። ቁስሉ አመርቅዞ ገደለው። የኔ ዘንግ ያረፈው በሌላ ሰው እግር ላይ ነው።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስታዲየም፣ በይድነቃቸው ተሰማ የሚሠለጥነው ብሔራዊ ቡድናችን ለአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ከግብፅ ጋር ሲገናኝ ሁለት ጊዜ ተመርቶ ሁለት ጊዜ አቻ ሆነ። በጭማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አግብተው 4 ለ 2 አለቀ። በዚያ ሁሉ ሕዝብ ሁካታ ውስጥ ከመስመሩ ዳር የተወረወረ ቃል አጥቂው ዘንድ ይደርስ ነበር ብዬ አላምንም። የደረሰው በልምምዱ ቀን የተነገረው ይመስለኛል። ደግሞም አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ከመካከላቸው ነበር፤ ሁለተኛዋን የአቻነት ጎል ያገባውም እሱ ነው። ኦርኬስትራም አምበል አለው፦ ከመሪው በስተግራ የሚቀመጠው የመጀመሪያው ቫዮሊን ተጫዋች። ሌሎቹ ቫዮሊኖች ደጋናቸውን መቼ እንደሚስቡ፣ መቼ እንደሚገፉ የሚያዩት ከሱ ነው። እኔ አምበል ብዬ ክንዱ ላይ ጨርቅ ያሰርኩለት ልጅ ነበረኝ፤ አንድም ቀን ግን እንዲናገር ፋታ አልሰጠሁትም።

በቅርቡ ያን ተከላካይ ታክሲ ውስጥ አገኘሁት። ረዳት ሆኗል። በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «መገናኛ! መገናኛ!» ይላል፤ ድምፁ ጎርነን ብሏል። ሂሳብ ሊቀበል ሲዞር ለየኝ።

«ጋሼ! ማሠልጠኑን ተውከው እንዴ?»

«ተውኩት» አልኩ።

አንተስ ልለው አፌን ከፈትኩ። ከኋላ «ወራጅ አለ!» ተባለ፤ እሱም በሩን ሊከፍት ዞረ። መልሴን ሳልቀበል ወረድኩ።