በፔፒን ሐይቅ ዳር፤ ስለ አዲስና ስላገለገለ ጀልባ

በአሜሪካ አገር፤ በሚኒሶታና በዊስኮንሲን መካከል፤ ሚሲሲፒ የተባለው ታላቅ ወንዝ ሰፍቶ ፔፒን የሚባለውን ሐይቅ ይሠራል። በዳርቻው ባለችው በሌክ ሲቲ ከተማ፤ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1922 ዓመት፤ ራልፍ ሳሙኤልሰን የተባለ የ18 ዓመት ጐልማሳ፤ ጫፋቸውን በፈላ ውኃ አለስልሶ የቀለሳቸውን ሁለት ሳንቃዎች ተጫምቶ፤ በሞተር ጀልባ እየተሳበ በውኃ ላይ ቆመ። የውኃ ስኪ የሚባለው ጨዋታ መነሻው ይህ ነው።

በዚያ አገር ለቤተ ሰቡ እንዲህ ያለ ጀልባ የሚሻ ሰው፤ አዲሱን ልግዛ ወይስ ያገለገለውን እያለ ያመነታል። አዲሱ ከሠሪው ዋስትና ጋራ ይመጣል፤ ነገር ግን ዋጋው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ፈጥኖ ይወርዳል። ያገለገለው በርካሽ ይገኛል፤ ዳሩ ግን ጕዳቱን ቀለም ይሸፍነዋል። በበረዶ ወራት ሐይቁ ይረጋልና፤ ከሞተሩ ውስጥ ያልተቀዳ ውኃ ቢቀር በረዶ ሆኖ ብረቱን ይሰነጥቀዋል። ከወለሉም በታች እንጨት ያለበት እንደ ሆነ፤ እርጥበት ሲገባው ይበሰብሳል።

ስለዚህ ገዥው ወለሉን በእግሩ ይርገጥ፤ ሞተሩ የሠራበትን ሰዓት ይመልከት፤ በባለሙያ ያስመርምር፤ በውኃ ላይ ሳይፈትነውም ገንዘቡን አይቍጠር። እኛስ ብንጠየቅ፤ ተመርምሮ ጤናማ የሆነውን ያገለገለ ጀልባ እንመርጣለን፤ ከዋጋው በተረፈውም አስቀድሞ ልጆችን ከመስጠም የሚያድነው ልብስ ይገዛ እንላለን። መርማሪ የማይገኝ እንደ ሆነ ግን አዲሱ ይሻላል። የቤተ ሰብ ደስታ የሚጫንበት ነገር፤ ከማማሩ ይልቅ መታመኑ ይበልጣልና።