ወደ አው በርኸድሌ

ሐርጌሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ከኢትዮጵያ የሚነሣ መንገደኛ ጅግጅጋን አልፎ በቶጎ ውጫሌ በኩል ይደርስባታል። ከከተማይቱ ወደ በርበራ ወደብ አቅጣጫ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ አው በርኸድሌ የተባለው ጥንታዊ የመቃብር ስፍራ ይገኛል። “አው” የሃይማኖት አባት መጠሪያ ሲሆን “በርኸድሌ” ባለ በረከት ማለት ነው። በዚያ ያረፉት ሼህ ዩሱፍ አልከውነይን በ12ኛው መቶ ዓመት ገደማ እንደ ኖሩ ይነገራል። መቃብራቸውን ሦስት ጊዜ የዘየረ ሰው አንድ ጊዜ መካ እንደ ደረሰ ይቆጠርለታል የሚል እምነት በአካባቢው አለ፤ ይህን የማይቀበሉ የሃይማኖቱ ሊቃውንትም አሉ።

እኔን የሳበኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ሼሁ ፊደል አስተማሪ ነበሩ፤ የእኔም ሙያ ይኸው ነው።

ወሩ ሚያዝያ፣ ሶማሌዎች “ጉ” የሚሉት የዝናብ ወራት ነበር። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ወደ አሥር የምንሆን ሰዎች ተነሣን። ማለዳው ጋቢ የሚያስደርብ ብርድ ነበረው። ናሳ ሀብሎድ የተባሉት መንትያ ኮረብቶች በጉም ተሸፍነው ጫፋቸው ብቻ ይታያል። ሦስት ሰዓት ሲሆን ጉሙ ተገፈፈ፤ አራት ሰዓት ላይ ፀሐይዋ አናት ትበሳ ጀመር። ከዚያ አቧራ ያዘለ ነፋስ ተነሥቶ ዓይናችንን አስጨፈነን።

ከመካከላችን “ኤዶ” እየተባሉ የሚጠሩ አንዲት አረጋዊት ነበሩ፤ አክስት እንደ ማለት ነው። ስፍራውን ሁለት ጊዜ ዘይረዋል፤ ይህ ሦስተኛቸው ነው። መካ የሚያደርስ ገንዘብ ዕድሜ ልካቸውን አላገኙም። የልጅ ልጃቸው ጅግጅጋ ተምሮ ስለ ነበር አማርኛ ያውቃል፤ ንግግራቸውን የሚያስተረጉምልኝ እርሱ ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ከአውራ ጎዳናው ወጥተን በእግረኛ መንገድ ስንሄድ አንድ “ቶግ” ዘንድ ደረስን። ቶግ ዓመቱን በሙሉ ማለት ይቻላል ደረቅ አሸዋ ሆኖ የሚከርም ወንዝ ነው፤ የቶጎ ውጫሌም ስም ከዚሁ የመጣ ነው። በላያችን ጠብታ አልወረደም፤ ነገር ግን ከላይ ከኮረብቶቹ ዘንቦ ኖሮ ቀይ ጎርፍ እያጓራ ደረሰና አሸዋውን ሞላው።

“አዬዮ፣ ተመልሰን መኪና እንሳፈር” አላቸው የልጅ ልጃቸው።

“አንተ ተመለስ። እኔ ውኃው እስኪጎድል እቀመጣለሁ” አሉና ከግራር ሥር ተቀመጡ። ማንም አልተመለሰም።

በዚያ ጥበቃ ላይ ሳለን ስለ ሼሁ ትምህርት ጠየቅኋቸው። ኤዶ በእርጥቡ አሸዋ ላይ በጭራሮ አንዲት ቀጥ ያለች መስመር አሰመሩ፤ የዐረብኛዋ አሊፍ ናት። “አሊፍ ላ ኮርደበይ” ብለው ከላይዋ ጫሩ፤ “አ” ሆነች። “አሊፍ ላ ሆስደበይ” ብለው ከታችዋ ጫሩ፤ “ኢ” ሆነች። “አሊፍ ላ ጎደይ” ብለው ከላይዋ የጎበጠች ምልክት አደረጉ፤ “ኡ” ሆነች። በዐረብኛ ፈትሓ፣ ከስራ፣ ደማ የሚባሉትን ምልክቶች የሶማሌ ሕፃን በገዛ ቋንቋው እያዜመ እንዲይዛቸው ያደረጉት ሼህ ዩሱፍ ናቸው ይባላል። ሶማልኛ ዛሬ የሚጻፍበትን የላቲን ፊደል በመንግሥት ደረጃ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። ያቺ ዜማ ግን ከዚያ በፊት ስንት ትውልድ አሻግራለች!

እኔም በጎናቸው “በ፣ ቡ፣ ቢ” ብዬ ጻፍሁ። የግእዝ ፊደል በ4ኛው መቶ ዓመት፣ በንጉሥ ኢዛና ዘመን፣ አናባቢን ከፊደሉ ገላ ላይ መቀጠል እንደ ጀመረ ነገርኋቸው፤ ካዕብ ከወገቡ፣ ሣልስ ከእግሩ። ኤዶ “ቡ”ን በጣታቸው ዳስሰው “ይህስ ወገቡን የያዘ ሰው ነው” ሲሉ ሁሉም ሳቀ።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲቃረብ ጎርፉ ጉልበት ድረስ ጎደለ። እጅ ለእጅ ተያይዘን፣ ኤዶን ከመካከል አድርገን ተሻገርን። ኃይሉ እግር ይነቅላል፤ አንድ ጊዜ ተንገዳግደው ክንዴን ጨምድደው ያዙኝ።

ከፈረሰችው ጥንታዊት ከተማ ድንጋዮች መካከል ነጩ መቃብር ሲታየን መሽቶ ነበር። እርሳቸው ገቡ። እኔ የሌላ ሃይማኖት ሰው ስለ ሆንሁ በአክብሮት ውጭ ቆየሁ። ካፊያ መጥቶ ሄደ። ሲወጡ ሰማዩ ጠርቶ ከዋክብት ወጥተው ነበር፤ ኤዶ ከድንጋይ ላይ አረፍ ብለው፣ እግራቸውን እንዲያሽላቸው የልጅ ልጃቸውን ጠሩት።