ዳይፐር ቆጥቤ



ባለፈው የአምስት ወር ልጃችንን ይዘን ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ወደ ሰመራ ስንመለስ «ዳይፐር ተወዷል፣ ስንደርስ ይቀየራል» ያልኩት እኔ ነኝ። ሙቀቱን ታውቁታላችሁ። ማታ ስንፈታት መቀመጫዋ በርበሬ መስሏል። ፓውደር ነሰነስንባት፣ ባሰባት። ሌሊቱን ሙሉ እሷ ስታለቅስ እኔ የቆጠብኳትን ብር አስባለሁ።

ጠዋት ጎረቤታችን፣ አፋሯ እናታችን፣ አይተው «ፍቱላት እንጂ፣ ንፋስ ያግኛት!» አሉን።

ፈታንላት። ለብ ባለ ውሃ እያጠብን፣ ሳንፈትግ እያደረቅን፣ በቀን ደጋግመን ያለ ዳይፐር አስተኛናት። ስናስርላት ዚንክ ኦክሳይድ ያለበት ቅባት ወፈር አድርገን ቀባን፤ እንደረጠበም ወዲያው ቀየርን። ፓውደርና ሽቶ ያለው እርጥብ ሶፍት ቀረ። ፓውደር ሲቦን ለሕፃን ሳንባም አይሆንም። በሦስተኛው ቀን ቆዳዋ ተመለሰ፣ እኛም ተኛን።

በ2 ወይም 3 ቀን ካልተሻለው፣ ወይም እጥፋቱ ውስጥ ደማቅ ቀይ ሆኖ ዙሪያውን ነጠብጣብ ካወጣ ፈንገስ ሊሆን ስለሚችል ሌላ መድኃኒት ይፈልጋል። መግል ወይም ትኩሳት ካለማ ሳትውሉ ሳታድሩ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ያገኛችሁትን ቅባት በግምት አትቀቡ።

ወላጅ የሆናችሁ ተማሪዎቼ፣ ክፍል ውስጥ «ቆጥቡ» ስላችሁ ዳይፐርን አይጨምርም፤ አደራ!