ኩሽኔታው ቦይ ከገባ በኋላ

ልጇ በጨዋታ ተሸንፎ ዐይኑን እንባ ሞልቶት ወደ ቤት ሲገባ ምን ማለት እንደሚገባት ግራ ያልተጋባች እናት ያለች አይመስለኝም። እኔ በበኩሌ ምን ማለት እንዳልነበረብኝ ያወቅሁት ከተናገርሁ በኋላ ነው።

ነገሩ የደረሰው እዚሁ ወላይታ ሶዶ፣ ባለፈው መስከረም፣ የጊፋታ በዓል ሊከበር ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነበር። ሶዶ በዳሞታ ተራራ ግርጌ የተቆረቆረች ከተማ በመሆኗ ቁልቁለት አታጣም። ክረምቱ ወጥቶ አስፋልቱ ሲደርቅ የሰፈራችን ልጆች ኩሽኔታቸውን በገመድ እየጎተቱ ወደ ላይ ይወጣሉ። የኩሽኔታን አሠራር እናቶች ሁሉ ባያውቁትም ድምፁን የማታውቅ የለችም፤ ያስተኛችውን ሕፃን ስንት ጊዜ ቀስቅሶባታል! አንድ ሰፊ ጣውላ፣ ከፊት ለፊቱ በአንድ ብሎን የተያዘና በእግር እየተገፋ ግራና ቀኝ የሚዞር አግዳሚ እንጨት፣ ከሥሩም ጋራዥ የጣላቸው ያረጁ ኩሽኔታዎች፤ ይኸው ነው መኪናው። ፍሬኑ ከኋላ የተቸነከረ የጎማ ቁራጭ ወይም የልጁ ተረከዝ ነው። ኮብልስቶን ላይ ጥርስ ያነቃንቃል እንጂ አይሄድም፤ ስለዚህ አስፋልት ይመርጣሉ። ታች አንድ ልጅ ቆሞ መኪና ሲመጣ ያፏጫል። ይህ ጥንቃቄ ልጆቹን ቢያጽናናም እኔን አጽናንቶኝ አያውቅም።

የሚወዳደሩበት መንገድ ቀጥ ያለ አይደለም። መጀመሪያ ወደ ግራ ይታጠፍና ጥቂት ሄዶ ወፍጮ ቤቱ ዘንድ ወደ ቀኝ ይዞራል። የዐሥራ አንድ ዓመቱ ልጄ እስከ ወፍጮ ቤቱ ድረስ ይመራ ነበር። እዚያ ሲደርስ ከነኩሽኔታው ቦይ ውስጥ ገባ። ክንዱ ተልጦ፣ ሱሪው ተቀዶ፣ መጨረሻ ወጥቶ መጣ። «ገፋኝ!» አለ የጎረቤታችንን ልጅ ስም እየጠራ።

እኔም ልብስ ከማጥብበት ተነሥቼ፣ እጄ ከነአረፋው፣ ቀጥታ ወደ ጎረቤቴ ደጃፍ። በዕድሜ እናቴ የምትሆን፣ ሁልጊዜ «እትዬ» እያልሁ የማከብራቸው ሴት ናቸው። ያን ቀን ግን አፌ አንቱታውን ይዞ ቁም ነገሩን ጣለው። ልጅዎ የሰው ልጅ ሊገድል ነው፣ አስተዳደግ ያጣ ነው አልሁ። ሌላም ብዬአለሁ፤ እዚህ ለመጻፍ አፍራለሁ። እትዬ እስክጨርስ አዳመጡኝና «ልጄ፣ መጀመሪያ የልጅሽን ክንድ እጠቢለት» ብለው በሩን ዘጉ።

ማታ ወንድሜ መጣ። ጋራዥ የሚሠራ፣ የመኪና እሽቅድምድም በስልኩ የሚከታተል፣ ኩሽኔታዎቹንም ለልጄ ያመጣለት እሱ ነው። «ማን ገፋህ?» ብሎ አልጠየቀም። «ፍሬን የያዝኸው የት ጋ ነው?» አለው። ልጄ ዝም አለ። ወንድሜም አላስጨነቀውም፤ ወሬውን ወደ ሌላ ወሰደው።

አሜሪካ ውስጥ ናስካር የሚባል ውድድር አለ። የሚነዱት ከላይ ሲታዩ የመንገድ መኪና የሚመስሉ፣ ነገር ግን ለእሽቅድምድም የተሠሩ ከባድ መኪኖች ናቸው። አብዛኛው ውድድር በሞላላ ሜዳ ላይ ወደ ግራ ብቻ እየታጠፉ መዞር ነው። በዓመት ጥቂት ጊዜ ግን ግራም ቀኝም የሚታጠፍ፣ እንደ እኛ አገር ጎዳና ዳገትና ቁልቁለት ያለበት መንገድ ላይ ይወዳደራሉ። በ2002 ዓ.ም. በሰኔ ወር ካሊፎርኒያ ውስጥ ሶኖማ በሚባል እንዲህ ባለ መንገድ ላይ ማርኮስ አምብሮዝ የሚባል የአውስትራሊያ ተወላጅ ይመራ ነበር። ከ110 ዙር ጥቂት ሲቀር ቢጫ ባንዲራ ወጣና ሁሉም ቀስ ብለው እንዲሄዱ ታዘዙ። አምብሮዝ ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ሞተሩን አጠፋ። ዳገቱ ላይ ሊያስነሣው ቢል አልነሣም። መኪናው ቆመ፤ የኋለኞቹም አለፉት። በኋላ ሞተሩ ሲነሣለት ዳኞቹ ወደ ፊት አትመለስም፣ ሰባተኛ ሆነህ ቀጥል አሉት። ውድድሩን የፈጸመው ስድስተኛ ሆኖ ነው።

«እኛስ አገር?» አለ ወንድሜ ሣቅ እያለ፤ «ነዳጅ ይቆጥባል እያለ ቁልቁለት ላይ ሞተር አጥፍቶ የሚለቅ ሹፌር ሞልቶ የለም? ሞተር ሲጠፋ የፍሬኑና የመሪው እገዛ አብሮ እንደሚከዳ እያወቀ!»

ልጄ ግን የጠየቀው ሌላ ነገር ነው። «ከተሸነፈ በኋላ ለምን እስከ መጨረሻው ነዳ?»

ጥያቄው ለእኔም አዲስ ነበር። መምራት ያህል ነገር በገዛ እጁ ያጣ ሰው፣ በቀሩት ጥቂት ዙሮች አንዲት መኪና ለማለፍ ምን አደከመው? ወንድሜ የመለሰለት በሥራ ቋንቋ ነው። ጎማ የሚቀይሩ፣ ነዳጅ የሚሞሉ፣ ሳምንቱን ሙሉ መኪናውን ሲያዘጋጁ የከረሙ ሰዎች አሉ፤ ሹፌሩ ቢያኮርፍ የእነሱም ድካም አብሮ ይቀራል አለው። ደግሞም ሲጨርሱ ቁጭ ብለው የት ጋ ፍሬን እንደተያዘ፣ የት ጋ እንደዘገዩ ኩርባ በኩርባ ያዩታል። አምብሮዝ በነሐሴ 2003 ዓ.ም. ዋትኪንስ ግሌን በተባለው የኒውዮርክ ግዛት መንገድ ላይ አሸነፈ፤ በዓመቱም እዚያው ደገመው።

ያኔ ነው ልጄ አንገቱን ደፍቶ «አጎቴ፣ ፍሬን አልያዝሁም» ያለው። ፍሬን ከያዝሁ ይቀድመኛል ብሎ ፈርቶ ወፍጮ ቤቱ ዘንድ በሙሉ ፍጥነት ገብቶ ነበር። ኩሽኔታው አልታጠፍ ብሎ ተንሸራተተ። የጎረቤታችን ልጅ የነካው ከዚያ በኋላ፣ መሸሻ አጥቶ ነው።

ውድ አንባቢያት፣ ልጄ እውነቱን በመናገሩ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን መጀመሪያ የታሰበኝ የእትዬ የተዘጋ በር ነው።

ወንድሜ አንድ ሌላ ውድድርም አሳይቶናል። በሶኖማ የአምብሮዝ ሞተር በመጥፋቱ ያሸነፈው ጂሚ ጆንሰን የሚባለው ሰው ነበር፤ ሰባት ጊዜ ሻምፒዮን የሆነ ዝነኛ። እሱም በመስከረም 2011 ዓ.ም. ሻርሎት ላይ ሁለተኛ ሆኖ እየነዳ፣ ሁለተኝነቱ ወደ ቀጣዩ የሻምፒዮና ዙር ሊያሳልፈው ሲችል፣ የመጨረሻው ኩርባ ላይ መሪውን ማርቲን ትሩክስን ለማለፍ ሞከረ። ፍሬኑ ከዳው፣ መኪናው ተሽከረከረች፣ ትሩክስንም መታችው። ሦስተኛ የነበረው ራያን ብሌኒ አልፏቸው አሸነፈ፤ ጆንሰንም ከሻምፒዮናው ወጣ። ትሩክስ የተበደለ ሰው ነበር፤ ሆኖም ውድድሩ ካለቀ በኋላ የጆንሰንን መኪና ገፍቶ አሽከረከራት። ወንድሜ ይህን ሲያሳየን ቀና ብሎ አላየኝም። ማየትም አላስፈለገውም፤ እኔ ከነአረፋው የሄድሁት ከትሩክስ ያነሰ ምክንያት ይዤ ነው።

ከተማችን መሸነፍን ከልጄ በፊት ታውቀዋለች። በ2010 ዓ.ም. ወላይታ ዲቻ የግብፁን ዛማሌክ ካይሮ ላይ በመለያ ምት ጥሎ ሲያልፍ ሶዶ አልተኛችም። ቀጥሎ የታንዛኒያው ያንግ አፍሪካንስ ዳሬሰላም ላይ 2 ለ 0 አሸነፈን፤ ሐዋሳ ላይ 1 ለ 0 ብናሸንፍም አልበቃንም። ያን ዕለት ሐዋሳ የነበረው ወንድሜ እንደሚለው፣ አሸንፎ መውደቅን የመሰለ ግራ የሚያጋባ የመልስ ጉዞ የለም።

በእኛ ዘንድ ቂም ይዞ ጊፋታን መሻገር ነውር ነው። ስለዚህ በማግሥቱ ማለዳ፣ የሥራ ሰዓት ሳይደርስ፣ ቡና ቋጥሬ ወደ እትዬ ሄድሁ። ልጄን አላስከተልሁም፤ የተሳደብሁት እኔ ነኝ። ደጃፍ ላይ ቆሜ ልጄ የነገረኝን ሁሉ ነገርኋቸው፣ ይቅርታም ለመንሁ። ወዲያው ግቢ አላሉኝም።

«ጊፋታ ባይደርስ ኖሮ ትመጪ ነበር?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ቆይተው ቡናውን ተቀበሉኝና «በይ ግቢ፣ ቅጠሪኝ፤ የምትቆዪ ከሆነ እንቆላዋለን» አሉ። ሥራ ዘገየሁ፤ ለአለቃዬም የዘገየሁበትን ምክንያት በትክክል አላስረዳሁም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጆቹ እንደገና ወጡ። ልጄ ሦስተኛ ሆነ። ሲገባ ፊቱ ጠቁሯል፤ እኔም ምላሴን ነክሼ ሽንኩርቴን መክተፌን ቀጠልሁ። ጥቂት ቆይቶ የግራ እግር ሸበጤን ይዞ መጣና «እማዬ፣ ይህን ትፈልጊዋለሽ? የፍሬኑ ጎማ ሳስቶብኛል» አለኝ። ሸበጡ ገና አዲስ ነበር።